ተረከዙን አትፍሩት፦ ካልሲ በእጅ መሥራት ለጀማሪ

መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማችን ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ብርዱ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ከእግር ነው። ጋቢ ትከሻን ያሞቃል፣ ሻሽ ጆሮን ይሸፍናል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ እግር ግን ምንም አያድነውም። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ አንዳንዴ እስኪነጋ አብረናት እንቆያለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከሱቅ የገዛሁትን ስስ ካልሲ ሁለት ደርቤም አልሞቀኝም።

ሹራብ ሥራ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከተረኛነት ስመለስ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኙኝና፣ «ልጄ፣ መንዝ ተወልደሽ እግርሽ ይቀዘቅዛል? በጉ የማን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያደግሁት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። አባቴ ከዚያው ሱፍ ዝተትና ባና የሚባሉትን ወፍራም ልብሶች ሲሠራ ነው ያሳደገን። ቤታችን ሱፍ ጠፍቶበት አያውቅም። ከዚያ ሁሉ ሱፍ ግን ካልሲ የሠራ ሰው አላየሁም። በዚያው ሳምንት እትዬ ዘንድ ቡና እየጠጣሁ መማር ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው መርፌ ይዞ ለማያውቅ ሰው ነው። ሹራብ መሥራት የሚችሉ ብዙ ሴቶች ካልሲ ሲባል «ተረከዙ ያስቸግራል» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ። ተረከዝ የሚጠይቀው መቁጠር ብቻ ነው። እስከ ሃያ መቁጠር የቻለ ሰው ይሠራዋል።

ክሩና መርፌው

ለመጀመሪያ ካልሲ ከሱቅ የሚገዛው መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይሻላል። እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ ስትሳሳቱ ሲፈታ አይቦጫጨቅም። 100 ግራም ለአንድ ጥንድ ይበቃል። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር በማታ መብራት ዐይኑ አይታይም። እኔ የመጀመሪያውን በጥቁር ጀምሬ ሁለት ማታ ሙሉ ስፈታ አመሸሁ።

የእጅ ፈትል የመንዝ ሱፍ ለሁለተኛው ካልሲ አቆዩት። የእኛ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው። በጣም ያሞቃል፣ ግን ባዶ እግርን ይኮሰኩሳል። እኔ የምለብሰው ስስ ካልሲ ከሥር አድርጌ ነው። ከአንድ ነጠላ ፈትል ብቻ የተሠራ ቶሎ ይሳሳል። ስለዚህ እናቴ ሁለት ልቃቂት ትፈትልልኛለች። ከዚያ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይዛ እንዝርቱን በተቃራኒው አቅጣጫ እያሾረች ታከራቸዋለች። በተቃራኒው መሆኑ ዋና ነገር ነው። በዚያው አቅጣጫ ከሆነ ክሩ በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ያስቸግራል።

መርፌው አምስት ነው። ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ፣ ቁመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር። ውፍረቱ ከእርሳስ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። በአራቱ ላይ ካልሲው ይቀመጣል፣ በአምስተኛው ይሠራል። እኛ ጋ ሱቅ ውስጥ እንደዚህ ያለ መርፌ ሁልጊዜ አይገኝም። ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ሳገኝ አስልካለሁ። የመጀመሪያዎቹን ግን እትዬ ከደረቀ ወይራ ነው የሠሩልኝ። ቀጥ ያለውን መርጠው በቢላዋ ጠረቡት፣ ጫፉን አሾሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። በመጨረሻ ሻማ ቀቡት፣ ክሩ እንዲንሸራተት። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ አይጎብጥም። ቀርከሃም ይሆናል። ጣታችሁን ስታሻሹበት ትንሽ እንኳን የሚይዛችሁ ከሆነ ክሩንም ይይዘዋል፤ እንደገና አለስልሱት።

ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ዐይኑ ሰፊ የሆነ መስፊያ መርፌ፣ ሜትር እና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። እስክሪብቶው የሠራችሁትን መስመርና ዙር ወረቀት ላይ ምልክት ለማድረግ ነው፤ ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሁለት ነገር ብቻ

መርፌው ላይ የተንጠለጠለችውን እያንዳንዷን ቀለበት እትዬ «ዐይን» ይሏታል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ዐይን የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ፊት ነው። ክሩ ከመርፌው ኋላ ይሆናል። የቀኙን መርፌ በግራው የመጀመሪያ ዐይን ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ታስገባላችሁ። ክሩን በጫፉ ላይ ታዞራላችሁ። በዐይኑ ውስጥ ወደ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። አሮጌው ዐይን ከግራው መርፌ ይወርዳል። ሁለተኛው ግልባጭ ነው። ክሩን ወደ ፊት ታመጣላችሁ። መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ታስገባላችሁ፣ ታዞራላችሁ፣ ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። ሹራብ የሚባለው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚወጣው።

በሁለት መርፌ 24 ዐይን ይዛችሁ፣ ማለትም ከክሩ 24 ቀለበት እየሠራችሁ አንዱ መርፌ ላይ ሰቅላችሁ፣ ጠፍጣፋ ጨርቅ ሥሩ። አንዱን መስመር ፊት፣ መልሱን ግልባጭ። አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን በሜትር ለኩት። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን አለ? 20 ከሆነ እኔ የምሰጣችሁ ቁጥር ለእናንተም ይሠራል። 23 ከወጣ እጃችሁ ጠበቅ ያለ ነው፤ ወፈር ያለ መርፌ ውሰዱ። 17 ከሆነ ቀጠን ያለ። ይህችን ልኬት አትዝለሏት። ሰው እንደ ድምፁ እጁም ይለያያል።

የትልቅ ሰው ካልሲ የምንጀምረው በ40 ዐይን ነው። 40 ከየት መጣ? እግራችሁን ከጣት ሥር ሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን ለኩ። የእኔ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ካልሲ እግር ላይ እንዲይዝ ከእግሩ አንድ አሥረኛ ያህል መጥበብ አለበት። ስለዚህ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር። በሴንቲ ሜትር ሁለት ዐይን ከሆነ 40 ይሆናል። ለትልቅ የወንድ እግር 44 ወይም 48 ነው። ለአራት የሚካፈል ይሁን።

መጀመሪያ የሕፃን ካልሲ

እትዬ ይህን ነበር ያሠሩኝ። እኔም ለማስተምራቸው ሁሉ ከዚህ እጀምራለሁ። ተረከዝ የለውም። በሁለት ማታ ያልቃል። በአራት መርፌ ዙሪያውን መሥራትን እጅ የሚለምደው በዚህ ነው።

24 ዐይን ያዙ። በአራት መርፌ ላይ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ አከፋፍሉ። ጫፎቹን ከማገናኘታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እዩ። የሁሉም ዐይን ታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ መመልከት አለበት። አንድ ቦታ ከተጠማዘዘ እስከ መጨረሻ ተጠማዞ ይቀራል፤ በኋላ መፍትሔ የለውም። ከዚያ በአምስተኛው መርፌ መሥራት ጀምሩ። ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ። ይህ ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። 12 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሁ ሂዱ። ከዚያ ዙሩን ሙሉ ሁለት ሁለት ዐይን አንድ ላይ እያደረጋችሁ በፊት ሥሩ፤ 12 ይቀራል። አንድ ዙር ዝም ብላችሁ ሥሩ። እንደገና ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ፤ 6 ይቀራል። ክሩን ቆርጣችሁ በመስፊያ መርፌ በስድስቱ ውስጥ አሳልፉና ሳቡት። ተዘጋ።

ለሕፃን ክሩ ለስላሳ የሱቅ ክር ይሁን፤ የመንዙን ሱፍ ቆዳው አይችለውም። አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የእናቱ ደረት ላይ ተጠግቶ፣ ኮፍያና ካልሲ አድርጎ ሲተኛ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ካልሲውን ገልብጣችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱት። የተንጠለጠለ ክር ካለ አስገብታችሁ ስፉት፣ ትርፉን ቁረጡ። ልቅ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ልጅ ምክንያቱ ሳይታወቅ አልቅሶ አልቅሶ እምቢ ሲል ካልሲውን አውልቃችሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ።

የትልቅ ሰው ካልሲ

40 ዐይን፣ በየመርፌው አሥር። መጀመሪያ ዐይን ስትይዙ የተረፈው የክር ጭራ የዙሩ መነሻ ምልክታችሁ ነው። ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልባጭ። ብዙዎች ላስቲኩን አምስት ሴንቲ ሜትር ሠርተው ወደ ፊት ብቻ ይገባሉ። እኔ እስከ ተረከዙ ድረስ 15 ሴንቲ ሜትር ሙሉ በላስቲክ ነው የምሠራው። ባት ላይ ይይዛል፣ እየተንሸራተተ ጫማ ውስጥ አይገባም። ከአንድ መርፌ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የመጀመሪያዋን ዐይን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ካልሆነ በመርፌዎቹ መካከል መሰላል የመሰለ ክፍተት ይወጣል።

ዐይን ሲያመልጣችሁ አትደንግጡ። ወደ ታች እየተፈታ ይወርዳል እንጂ ሥራው ሁሉ አይፈርስም። ኪሮሽ ካላችሁ አንዱን ደረጃ በአንዱ እየሳባችሁ መልሳችሁ ትሰቅሉታላችሁ።

አሁን ተረከዙ። ረጋ ብላችሁ፣ ቤት ጸጥ ሲል ሥሩት። እኔ ተረከዝ ላይ ስሆን ሰው አላዋራም።

20ውን ዐይን አንድ መርፌ ላይ ሰብስቡ። ሌላው 20 በሁለት መርፌ ላይ ይጠብቅ፤ አይነካም። ያንን ሃያ ብቻ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ጠፍጣፋ ትሠራላችሁ። በፊተኛው በኩል ስትሆኑ አንዱን ዐይን ሳትሠሩ ወደ ቀኙ መርፌ አሳልፉ፣ ቀጥሎ ያለውን በፊት ሥሩ፤ እንዲህ እስከ መጨረሻ። በኋለኛው በኩል የመጀመሪያዋን አሳልፉ፣ የቀረውን ሁሉ በግልባጭ ሥሩ። 20 መስመር። ማሳለፉ ተረከዙን ወፍራም ያደርገዋል። ካልሲ ቀድሞ የሚቀደደው እዚህ ስለሆነ እኔ ቀጭን የናይለን መስፊያ ክር ከሹራቡ ክር ጋር ደርቤ እይዛለሁ። ከዚያ ወዲህ ተረከዙ ዓመት ይቆይልኛል።

ሃያው መስመር ሲያልቅ በሁለቱም ጠርዝ አሥር አሥር ትልልቅ ዐይን ይታያል። ጥሩ። አሁን ጨርቁ ጽዋ መሆን አለበት። እስክሪብቶውን አምጡ። የሠራችሁትን እያንዳንዱን መስመር ምልክት አድርጉ።

መጀመሪያ በፊት በኩል፦ አንድ አሳልፉ፣ 10 ሥሩ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ከኋላ በኩል ወግታችሁ አንድ ላይ ሥሩ፣ አንድ ሥሩ፤ አዙሩ። ስድስት ዐይን ሳይሠራ ይቀራል፤ ተዉት። ያለቀ ሳይመስላችሁ መዞር ያስፈራል፤ ግን ትክክል ነው። በግልባጭ በኩል፦ አንድ አሳልፉ፣ 3 ሥሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ሥሩ፤ አዙሩ። በዚህም ወገን ስድስት ይቀራል። አሁን መሐሉ ላይ ትንሽ ሜዳ፣ በግራና በቀኝ ክፍተት ታያላችሁ። ከዚህ በኋላ ሥራው ራሱ ይመራችኋል። አንድ ታሳልፋላችሁ፣ ክፍተቱ አንድ ዐይን እስኪቀረው ትሠራላችሁ፣ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ታደርጋላችሁ፣ አንድ ትሠራላችሁ፣ ታዞራላችሁ። በፊት በኩል መሐሉ 4፣ 6፣ 8 እያለ ይሄዳል። በግልባጩ 5፣ 7፣ 9። በስምንተኛው መስመር መጨረሻ ዳር የቀረ ዐይን የለም። መርፌው ላይ 12 አለ። ቁጥሩ ካልመጣ ከዚህ አትለፉ፤ ቆጥራችሁ ስሕተቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ ሲሳካልኝ ጣቴን ተረከዙ ውስጥ አስገብቼ ዝም ብዬ አየሁት። እትዬ፣ «አየሽ፣ እግር ሆነ» አሉኝ።

ከዚያ መጋጠሚያው ነው። 12ቱን በፊት ሥሩ። በዚያው መርፌ ከጠርዙ አሥሩን ትልልቅ ዐይን አንሡ፤ ማለትም መርፌውን በእያንዳንዱ አስገብታችሁ በክሩ አዲስ ዐይን አውጡ። ጥግ ላይ አንድ ጨምሩ፤ ቀዳዳ እንዳይቀር ነው። የሚጠብቁትን 20 በፊት ሥሩ። በሌላው ጠርዝ ከጥጉ አንድ፣ ከጠርዙ አሥር አንሡ። የተረከዙን 12 ለሁለት ክፈሉ፤ የዙሩ መነሻ አሁን መሐል ውስጥ እግር ላይ ይሆናል። አንደኛው መርፌ 17፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አሥር አሥር፣ አራተኛው 17። ጠቅላላ 54። ወደ 40 መመለስ አለብን። በአንደኛው መርፌ መጨረሻ ሦስት ሲቀር ሁለቱን አንድ ላይ፣ አንድ ሥሩ። በአራተኛው መጀመሪያ አንድ ሥሩ፣ ሁለቱን ከኋላ በኩል አንድ ላይ። ቀጣዩን ዙር ሳትቀንሱ ሥሩ። እንዲህ ሰባት ጊዜ። በየመርፌው አሥር ይቀራል።

ከዚህ ወዲያ ቀላል ነው። ፊት፣ ፊት፣ ፊት። ወሬ እየሰማችሁ፣ ቡና እየጠበቃችሁ ይሠራል። ከተረከዙ ኋላ ጀምራችሁ ለኩ። ከእግሩ ርዝመት አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቀር ለጣት መቀነስ ትጀምራላችሁ። እግሩ 24 ከሆነ 19 ላይ ማለት ነው። በአንደኛውና በሦስተኛው መርፌ መጨረሻ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው መጀመሪያ፣ ከላይ እንዳደረግነው ቀንሱ። በአንድ ዙር አራት ዐይን ይቀንሳል። አንድ ዙር እየዘለላችሁ 20 እስኪቀር፣ ከዚያ ሳትዘሉ 8 እስኪቀር። ክሩን አንድ ስንዝር ተኩል አስቀርታችሁ ቁረጡ። በስምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፉ፣ ሳቡ፣ ጭራውን በውስጥ በኩል ስፉት።

ሁለተኛውን እግር በዚያው ቀን ጀምሩ። አሥር ዙር ብቻም ቢሆን። ሳምንት ካለፈ እጃችሁ ይቀየራል፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ ይወጣል። ወረቀት ላይ ያደረጋችሁት ምልክትም የሚጠቅመው አሁን ነው። የላስቲኩን ዙር ስንት እንደሠራችሁ ካልጻፋችሁ በግምት ነው የምትሄዱት።

አጠባ

ይህን የተማርኩት ልቤን በሚያሳዝን መንገድ ነው። ለአባቴ ከእናቴ ፈትል ካልሲ ሠራሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንዲነጣ ብዬ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ አሸሁት። ሲደርቅ እንደ ኮፍያ ወፍሮ የአሥር ዓመት ልጅ እግር አክሎ ቀረ። ሱፍ ሙቅ ውኃና ማሸት ሲያገኝ ጠጉሩ እርስ በእርሱ ይያያዛል፣ አይመለስም። አባቴ ምንም አላለም። ሁለተኛውን ጥንድ ሠርቼ ወሰድኩለት።

ስለዚህ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙና። ጫን ጫን አድርጋችሁ እንጂ አትሹት፣ አትጭመቁት። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስጨርሱ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጥላ አስጡት። ከሰቀላችሁት ይረዝማል። በክረምት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ እሳት ዳር አታቅርቡት። ከሱቅ ክር የተሠራው ይህን ያህል አያስቸግርም፣ ግን እሳት ያቀልጠዋል።

በወር አንድ ጊዜ ተረከዙን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። ብርሃን ማሳለፍ ከጀመረ ቀዳዳ እስኪሆን አትጠብቁ። ከዚያው ክር በመስፊያ መርፌ የሳሱትን ዐይኖች መንገዳቸውን እየተከተላችሁ ደርቡላቸው። ለዚህ ብዬ ከየልቃቂቱ ጥቂት ክር ሁልጊዜ አስቀራለሁ፤ ካልሲው ውስጥ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው።